በስራ ቦታ አሰራርን ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነገሩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ስራ በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ በትንሽ በትንሹ፣ ሳያቋርጡ ማስተካከል ነው። አንድ ማመልከቻ ከገባበት ቀን መልስ እስኪያገኝ ድረስ የሚያልፍባቸው እጆች አሉ። አንድ ዕቃ ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች አሉ። የስራ ሂደት የሚባለው ይህ ሰንሰለት ነው። የሚሻሻለውም ሰንሰለቱ ነው። ይህ ከተረሳ ጉዳዩ "ጠንክራችሁ ስሩ" ወደሚል ምክር ይወርዳል። እሱን ደግሞ ሰራተኛው ጠግቦታል።

ዘዴው ዑደት አለው፦ ማቀድ፣ በትንሹ መሞከር፣ ውጤቱን ማየት፣ ማስተካከል፣ ከዚያ እንደገና። ሃሳቡ የሚመዘዘው በአሜሪካው የቤል ስልክ ኩባንያ ሥር ይሰራ ከነበረው ከዋልተር ሸዋርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የምርት ጥራት ሲዋዥቅ የሚያሳይ ቻርት ነደፈ። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ትምህርቱን አስፍቶ በ1950 ለጃፓን መሐንዲሶችና የኩባንያ መሪዎች አስተማረ። ጃፓኖች በቀጣዩ ዓመት በስሙ ሽልማት አቋቋሙለት።

ሁሉም ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ይውላል። ታዲያ ስራው ለምን ይዘገያል?

ሰው ሲሯሯጥ ወረቀቱ ተኝቶ ስለሚውል ነው።

አንድ የግዥ ጥያቄ እንከተል። ጠያቂው ክፍል ቅጹን ለመሙላት 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቅጹ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀን ያድራል፤ ፊርማው ግን አንድ ደቂቃ ነው። ሂሳብ ክፍል በጀት መኖሩን ለማየት 5 ደቂቃ ይበቃዋል። የሚያየው ግን ተራው ሲደርስ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ያኔ የበጀት ኮዱ አለመሞላቱ ይታወቃል። ቅጹ ይመለሳል። ጠያቂው በማግስቱ ኮዱን ይሞላል፤ የሁለት ደቂቃ ስራ ናት። ከዚያ እንደገና ኃላፊው ጋ ሁለት ቀን፣ እንደገና ሂሳብ ክፍል ሦስት ቀን። ግዥ ክፍል ሲደርስ 11 የስራ ቀን ሞልቶታል። ሰው እጁን ያሳረፈበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፍ የለም። ሁሉም ድርሻውን ሰርቷል። አሁን ሰራተኞቹን አሰልጥነን በእጥፍ ፍጥነት እንዲሰሩ አደረግን እንበል። ከ11 ቀን ላይ የምናተርፈው 12 ደቂቃ ገደማ ነው። በምትኩ የበጀት ኮዶቹን ዝርዝር ቅጹ ጀርባ ላይ አትመን፣ ኮድ የሌለውን ቅጽ ኃላፊው እንዳይፈርም ብናደርግስ? ከ11ዱ ቀን ስድስቱ ይቀነሳል። ወጪው የማተሚያ ቀለም ነው።

መጠበቅን በሂሳብ ማየትም ይቻላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጠው ቀመር እንዲህ ይላል፦ አንድ ፋይል በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ፣ በመንገድ ላይ ያሉት ፋይሎች ብዛት በቀን ለሚያልቁት ሲካፈል ነው። 60 ፋይል ተከማችቶ በቀን አምስት የሚያልቅ ከሆነ፣ አዲስ የገባው 12 ቀን ይጠብቃል። "አስቸኳይ" የሚል ማህተም ቢመታበት ይህን አይለውጠውም። እሱ ሲቀድም ሌላው ወደ ኋላ ይገፋል፣ በቃ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሁሉም ፋይል አስቸኳይ ይሆናል።

ከየት ልጀምር?

ከአንድ ነገር። ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም፣ ደንበኛም ሰራተኛም የሚያማርርበት፣ የበላይ ፈቃድ ሳትጠይቁ ልትነኩት የምትችሉት አንድ ሂደት ምረጡ። ከባዱን መምረጥ ጀግንነት ይመስላል። ግን መጀመሪያ ላይ የሚያስፈልገው ቶሎ የሚታይ ውጤት ነው። ሰው ያየውን ያምናል።

ከዚያ ተከተሉት። በስብሰባ ሳይሆን በእግር። ከአንድ እውነተኛ ፋይል ጋር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሂዱ። መቼ ገባ? መቼ ተነካ? መቼ ወጣ? ምን ጎደለው? ሦስቱን ሰዓቶች ፋይሉ ሽፋን ላይ በተለጠፈች ወረቀት እያንዳንዱ ሰው እንዲጽፍ ብታደርጉ፣ በሃያ ፋይል ውስጥ ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል። መመሪያው ላይ የተጻፈው ሂደት፣ ኃላፊው የሚያውቀው ሂደትና በተግባር የሚሰራው ሂደት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። የቶዮታን የአመራረት ዘዴ ከገነቡት ዋነኛው ታይቺ ኦኖ፣ መሐንዲሶችን ፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ በተሰመረ ክብ ውስጥ አቁሞ ለሰዓታት "ተመልከቱ" ይላቸው እንደነበር ይነገራል። ጠመኔው ይቅርባችሁ። ቆሞ ማየቱ ግን አይቅር።

ብክነት ሲባል የወረቀትና የመብራት ቁጠባ ነው?

እሱ ትንሹ ነው። ኦኖ ብክነትን በሰባት ከፍሎታል፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ ከሚገባው በላይ መስራት፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና ጉድለት ያለበት ስራ። ኋላ ላይ ሌሎች ስምንተኛ ጨምረውበታል፤ ያልተጠቀምንበት የሰራተኛ ዕውቀት።

ፋብሪካ ውስጥ እነዚህ ለዓይን ይታያሉ። ቢሮ ውስጥ ይደበቃሉ። ማንም የማያነበው ወርሃዊ ሪፖርት ከሚፈለገው በላይ ማምረት ነው። ያልተከፈቱ 400 ኢሜይሎች ክምችት ናቸው። ተመሳሳይ ስምና አድራሻ ሦስት ቅጽ ላይ መሙላት ከሚገባው በላይ መስራት ነው። ሲመለስ፣ ሲታረም፣ እንደገና ሲመለስ የሚውል ደብዳቤ ደግሞ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የቱ ነው ካላችሁኝ፣ ኦኖ ከሚፈለገው በላይ ማምረትን ነበር የሚያስቀድመው፤ ሌሎቹን ብክነቶች ይወልዳልና። ለቢሮ ስራ ግን የኔ ምርጫ መጠበቅ ነው። ሌላው ሁሉ ከሥሩ ይደበቃል።

ሰራተኛው ግዴለሽ ከሆነ አሰራር ብቻውን ምን ይፈይዳል?

ግዴለሽ ሰው የለም አይባልም። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው። ዴሚንግ ከችግሮች 94 በመቶ ያህሉ የአሰራሩ፣ የቀሩት ደግሞ የተለየ ምክንያት ያላቸው እንደሆኑ ይገምት ነበር። ግምት ነው፤ ቁጥሩ ላይ መከራከር ይቻላል። አቅጣጫው ላይ መከራከር ግን ይከብዳል።

ጥሩ ማስረጃ አለ። ጄኔራል ሞተርስ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ውስጥ የነበረውን ፋብሪካ በ1982 ዘጋው። ሰራተኛው በመቅረት፣ ምርቱ በጉድለት የታወቀ ነበር። በ1984 ፋብሪካው ከቶዮታ ጋር በሽርክና ኑሚ በሚል ስም ተከፈተ። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ የድሮዎቹ ሰራተኞች ናቸው። ማህበራቸውም ያው የድሮው ነው። ብዙም ሳይቆይ ኑሚ በጥራት ከጄኔራል ሞተርስ ምርጥ ፋብሪካዎች ተርታ ገባ። የተለወጠው አሰራሩና አመራሩ ነበር።

ለራሳችሁ መስሪያ ቤት ቀላል መፈተኛ ይኸውላችሁ። ሰውየውን በሌላ ደህና ሰው ብትተኩት ስህተቱ ይቆማል? "ከትንሽ ጊዜ በኋላ እሱም መሳሳቱ አይቀርም" የሚል መልስ ካገኛችሁ፣ ችግሩ የሰውየው አይደለም።

የጃፓኑ መሐንዲስ ሺጌዮ ሺንጎ የሚጠቀስ አንድ ስራ አለው። ሰራተኞች ማብሪያ ማጥፊያ ሲገጣጥሙ ከሁለቱ ትንንሽ ሞላዎች አንዱን ይረሱ ነበር። ቢመከሩም ቢቆጧቸውም መርሳቱ አልቆመም። ሺንጎ ሰራተኛው ስራውን ሲጀምር መጀመሪያ ሁለቱን ሞላዎች ከሳጥን አውጥቶ ትንሽ ሳህን ላይ እንዲያስቀምጥ አደረገ። ገጣጥሞ ሲጨርስ ሳህኑ ላይ ሞላ ከቀረ ረስቷል ማለት ነው። አለቀ። ተቆጣጣሪ አልተጨመረም፣ የደመወዝ ቅጣት የለም። ቢሮ ውስጥም ይኸው ነው። ቀን ሳይሞላ የማያልፍ ቅጽ፣ አባሪ ሳይያያዝ የማይላክ ጥያቄ፣ ሁለቴ የማይቀበለው የደረሰኝ ቁጥር።

የፊርማ ብዛት ቁጥጥርን አያጠናክርም?

ብዙ ጊዜ ያላላዋል። ሰባት ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ላይ የመጀመሪያው "ቀጥሎ ያሉት ያዩታል" ይላል። የመጨረሻው ደግሞ "ስድስት ሰው አይቶት የለ እንዴ" ብሎ ይፈርማል። ስህተት ሲገኝ ሰባቱም ፈርመዋል፣ ሰባቱም አላዩትም። ተጠያቂ ፍለጋ ይጀመራል።

እያንዳንዱን ፈራሚ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "አንተ ከመፈረምህ በፊት የምታጣራው ሌላው ያላጣራው ነገር ምንድን ነው?" መልስ የሌለው ፊርማ ይነሳ። የሚቀሩት እውነተኛ ይሆናሉ። የሚጠይቀው፣ የሚያጸድቀውና የሚከፍለው ሰው መለያየት አለባቸው። ይህን መነካካት አደጋ አለው፤ ለማጭበርበር በር ይከፍታል። ከዚያ ውጪ ያለውን በገንዘብ መጠን መለየት ይቻላል። ትንንሹ በአንድ ፊርማ ይለቅ፣ በየወሩ ናሙና ወስዶ ኦዲተር ይመርምረው። ትልልቁ ላይ ጊዜ ይወሰድበት። የአንድ እስክሪብቶና የአንድ ማሽን ግዥ በአንድ መንገድ መሄዳቸው ቁጥጥር አይደለም።

"አምስት ጊዜ ለምን" የሚባለው ዘዴ ይሰራል?

ይሰራል፣ በልኩ ከተያዘ። ደንበኛው የተሳሳተ ደረሰኝ ደረሰው። ለምን? በድሮ ዋጋ ስለተሰራ። ለምን? የሰራችው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ያለው የዋጋ ዝርዝር ያለፈው ወር ስለሆነ። ለምን? አዲሱ ዝርዝር ለሽያጭ ኃላፊው ብቻ በኢሜይል ስለተላከ። ለምን? ዝርዝሩ የሚቀመጥበት አንድ የታወቀ ቦታ ስለሌለ፣ ሁሉም የራሱን ቅጂ ስለሚይዝ። አምስት አልሞላም፤ ግን መድኃኒቱ ተገኝቷል። አንድ ዝርዝር፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ባለቤት። የልጅቷን ስም ያነሳ የለም።

ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው መልሱ "ሰው ስለማይጠነቀቅ" ላይ ሲያርፍ ማቆም ነው። እዚያ ከደረሳችሁ አንድ እርምጃ ተመልሳችሁ ጥያቄውን ቀይሩ። ሁለተኛው ምክንያት ሁሉ አንድ መስመር ይመስል በአንድ ገመድ ብቻ መውረድ ነው። ብዙ ምክንያት የተደራረበበት ችግር ሲገጥም፣ የጃፓኑ የጥራት ባለሙያ የካኦሩ ኢሺካዋ የዓሣ አጥንት ሥዕል ይሻላል። ችግሩ ራስ ላይ ይጻፋል። ሰው፣ ዕቃ፣ ዘዴ፣ መሳሪያ እያሉ አጥንቶቹን መሙላት ነው።

ምን ልለካ?

ትንሽ። ሦስት ቁጥር ለመጀመሪያ ከበቂ በላይ ነው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የወሰደው ጊዜ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ያለ እርማት ያለፈው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ አሁን በመንገድ ላይ ያለው ብዛት።

ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አሥር ደረጃ ያለው ሂደት እንውሰድ። እያንዳንዱ ደረጃ 95 በመቶ ትክክል ይሰራል። ሁሉም ክፍል "እኛ ጋ ችግር የለም" ይላል፤ እውነትም ነው። ግን አሥሩንም ያለ ስህተት የሚያልፈው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከአሥር ደንበኛ አራቱ የሆነ ቦታ ላይ ይጉላላሉ። ይህን የሚያየው ሙሉውን መንገድ የለካ ብቻ ነው።

አማካይም ያታልላል። አማካዩ አምስት ቀን ሆኖ፣ ግማሹ በሁለት ቀን የቀረው በስምንት ቀን የሚያልቅ ሊሆን ይችላል። ረጅሙን ጊዜ የወሰዱትን ለይታችሁ እዩ።

በቁጥር መደናገጥም አለ። ትናንት 14፣ ዛሬ 17 ሆነ ተብሎ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል። የሸዋርት ቻርት ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም ሂደት በራሱ ጊዜ ይዋዥቃል። በተለመደው ወሰን ውስጥ ላለ መዋዠቅ ማብራሪያ መጠየቅ ሰራተኛውን ማብራሪያ እንዲፈጥር ማስተማር ነው።

መለኪያው ለሽልማትና ለቅጣት ሲውል ደግሞ ይበላሻል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ያነሳው ነጥብ ለየትኛውም ቢሮ ይሰራል፦ መለኪያው ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ያከትማል። የስልክ መስተንግዶ በጥሪ ብዛት ከተለካ ስልክ ቶሎ ይዘጋል። ደንበኛው ደግሞ መልሶ ይደውላል። ጥሪው ሲበዛ ሪፖርቱ ያምራል።

የሃሳብ መስጫ ሳጥን አስቀምጠናል። ማንም አልጻፈም። ለምን?

ባለፈው የጻፈው ሰው መልስ ስላላገኘ ይሆናል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የማይታወቅ ሳጥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ሰራተኛው ዝም ያለው ሃሳብ አጥቶ አይደለም። ሃሳቡማ ሞልቷል፤ በሻይ ሰዓት ስሙት። ጆሮ ዳባ ልበስ የተባለ ሰው ግን ሁለተኛ አይናገርም።

ሳጥኑን ትታችሁ ሰሌዳ ስቀሉ። ሃሳቡ፣ የሰጪው ስም፣ የቀረበበት ቀን፣ አሁን ያለበት ደረጃ ለሁሉም ይታይ። በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ይሰጥ። "አይሆንም፣ ምክንያቱም" የሚል መልስም መልስ ነው። ከዝምታ በብዙ ይሻላል። የሚሆነውን ደግሞ ሃሳቡን ያመጣው ሰው ራሱ ይሞክረው፤ ጊዜ ስጡት። ለኮሚቴ ከመራችሁት ሞቷል።

ቶዮታ የሃሳብ ማቅረቢያ ስርዓቱን በ1951 የጀመረው ከፎርድ ኩባንያ አይቶ ነው። የፎርድን ሳጥን ከመኮረጅ አልፎ ሁሉም ሰራተኛ ትንንሽ ሃሳብ እንዲያቀርብ፣ የቅርብ አለቃውም ቶሎ እንዲመልስ አደረገው። ሽልማቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ነገር ሃሳቡ ስራ ላይ ሲውል ማየት ነው።

ሰራተኞቹ "ስራችንን ሊቀንሱብን ነው" ብለው ቢፈሩስ?

ትክክል ናቸው፣ ዋስትና እስካላገኙ ድረስ። በገዛ እጁ እንጀራውን የሚዘጋ ሰው የለም። ከማሻሻያ የተነሳ ማንም ከስራ እንደማይወጣ ከመጀመሪያው በግልጽ ተናገሩ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። የተረፈው ጊዜ የት እንደሚሄድም ንገሯቸው። የተጠራቀመውን ማጥራት ሊሆን ይችላል፣ ስልጠና ሊሆን ይችላል፣ በትርፍ ሰዓት ይሰራ የነበረውን በመደበኛ ሰዓት መጨረስ ሊሆን ይችላል። ቃሉን መጠበቅ ካልቻላችሁ ባትጀምሩት ይሻላል። አንዴ ከታጠፈ በኋላ ማንም አያምናችሁም።

ሶፍትዌር ብንገዛ አይቀልም?

የተዝረከረከ አሰራር ኮምፒውተር ላይ ሲጫን በፍጥነት ይዝረከረካል። ሰባት ፊርማ ሰባት ክሊክ ይሆናል። ቢፒአር የሚባለው፣ የስራ ሂደትን ከባዶ እንደገና የመስራት ሃሳብ ፊታውራሪ ማይክል ሃመር በ1990 የተከራከረው ለዚሁ ነበር፤ አላስፈላጊውን ስራ አታዘምኑት፣ አጥፉት።

መጀመሪያ በእጅ አስተካክሉ። ደብተርና ኤክሴል ለሙከራ ይበቃሉ። አዲሱ መንገድ ሁለት ሦስት ወር ከሄደ በኋላ ሶፍትዌር ግዙ፤ ያኔ ምን እንደምትፈልጉ ለሻጩ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። አለበለዚያ እሱ ይነግራችኋል። ሲስተም በተቋረጠ ቁጥር ስራው ሁሉ ቀጥ እንዳይል በእጅ የሚሰራበት መንገድም ይኑር።

ካይዘን፣ ሊን፣ ሲክስ ሲግማ፣ ቢፒአር... የቱን ልያዝ?

ስሙ አያስጨንቃችሁ። ካይዘን ሁሉም ሰራተኛ በየዕለቱ በትንሹ የሚያሻሽልበት ልማድ ነው። 5ቱ ማዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ የሚነሱት ከእሱ ጋር ነው። ሊን የቶዮታን ዘዴ ያጠኑ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጡለት ስም ነው። ሲክስ ሲግማ በ1986 ሞቶሮላ ውስጥ ተጀመረ። ስታቲስቲክስ ይበዛበታል፤ ግቡ ከአንድ ሚሊዮን ዕድል ከ3.4 የማይበልጥ ስህተት ነው። ቢፒአር ሂደቱን አፍርሶ ከባዶ መስራት ነው።

ማፍረስ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ግን አዲስ የተሰራውም ሂደት ከማግስቱ ጀምሮ መሻሻል አለበት። አለበለዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሌላ ማፍረስ ኮሚቴ ይቋቋማል። ዓለም አቀፉ የጥራት አመራር ደረጃ አይኤስኦ 9001ም ቀጣይ መሻሻልን በመስፈርትነት ይዟል። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ግን ስራው መሻሻሉን አያሳይም።

ስራ በዝቶብናል። ለማሻሻያ ጊዜ ከየት ይመጣል?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ እውነትም አለው። ግን መብዛቱ ራሱ ምልክት ነው። ብዙ አለቆች ሰራተኛ 100 በመቶ ከተያዘ ደስ ይላቸዋል። የወረፋ ሂሳብ ደግሞ ተቃራኒውን ይናገራል። ስራ በዘፈቀደ የሚገባበት፣ አንዱ ጉዳይ አጭር ሌላው ረጅም የሆነበት አንድ መስኮት አስቡ። አንድ ጉዳይ በአማካይ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ሰራተኛዋ ከጊዜዋ 80 በመቶ ከተያዘች ባለጉዳይ በአማካይ 40 ደቂቃ ይጠብቃል። 90 በመቶ ሲሆን 90 ደቂቃ። 95 በመቶ ሲሆን 190 ደቂቃ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ። ትንሽ ክፍተት መተው ስንፍና አይደለም፤ ወረፋው እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው እሱ ነው።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ሰዓት ውሰዱ። ቀንና ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን። በዚያ ሰዓት ስለ ስራው ይወራል እንጂ ስራው አይሰራም። መጀመሪያ የምታነሱትም ጊዜ የሚበላውን ነገር ይሁን። ከሱ የተረፈው ደቂቃ ለሚቀጥለው ማሻሻያ ይውላል።

የተጻፈ የአሰራር ደንብ ሰውን ሮቦት አያደርገውም?

ደንቡን ማን እንደጻፈው ይወስነዋል። ሰራተኛው ራሱ "እስካሁን ካየነው የተሻለው መንገድ ይህ ነው" ብሎ የጻፈው ገጽ መነሻ ነው። ነገ የተሻለ ሲገኝ ይቀየራል። የተጻፈ ነገር ከሌለ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይሄዳል፤ የቱ እንደሚሻል ማወዳደሪያ አይኖርም።

የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና የማረጋገጫ ዝርዝር ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ገጽ ናት። የታካሚው ማንነትና የሚቀደደው ቦታ ይረጋገጣል፣ የቡድኑ አባላት ስማቸውንና ድርሻቸውን ይናገራሉ፣ መጨረሻ ላይ መሳሪያዎች ይቆጠራሉ። በስምንት ከተሞች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 ሲወጣ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። የቀዶ ሐኪሞቹን ጥበብ ማንም አልነካውም። የሚረሳውን ነገር ወረቀቷ ያዘችላቸው።

አንድ ማሳሰቢያ። ከአንድ ገጽ የሚበልጥ ደንብ አይነበብም። 80 ገጽ ጥራዝ መደርደሪያ ያሳምራል።

አሻሽለን ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ወደ ድሮው ተመለስን። ለምን?

የአንድ ሰሞን ሆይ ሆይታ ስለነበር ይሆናል። ባነር ተሰቀለ፣ ስልጠና ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሳ። የተለመደው የኋላ ታሪክ ግን ከዚህም ቀላል ነው። የድሮው ቅጽ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። አዲሱ ቅጽ ሲያልቅ ሰው ምን ያድርግ? የድሮውን ያወጣል። አዲስ መንገድ ስትጀምሩ የድሮውን ዝጉት። ቅጹን ሰብስባችሁ አስወግዱ፣ ፋይሉን ከኮምፒውተሩ ሰርዙ፣ የድሮውን መዝገብ መዝገብ ቤት አስገቡ።

ሁለተኛው ምክንያት ባለቤት ማጣት ነው። ማሻሻያውን የመራው ሰው ተዛወረ፣ የሚከታተል ጠፋ። ስም ያለው ሰው ይመደብ። ሦስተኛው አለቃው ነው። ኃላፊው ራሱ በማግስቱ "ይቺን ብቻ በድሮው ጨርሱልኝ" ካለ ነገሩ ያበቃል። ሰራተኛ ከሰርኩላር ይልቅ የአለቃውን እግር ያያል። ኃላፊው በሳምንት አንድ ጊዜ ስራው ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ "ምን አስቸገራችሁ?" ብሎ ቢጠይቅና አንዱን ችግር እዚያው ቢፈታ፣ ከአሥር ስልጠና ይበልጣል።

አሰራር ማሻሻል የማያዋጣበት ጊዜ አለ?

አለ። ስራው ራሱ መኖር የሌለበት ሲሆን። በሦስት ቀን ይዘጋጅ የነበረ ሪፖርት በሦስት ሰዓት እንዲያልቅ ተደረገ እንበል። ትልቅ ድል ነው፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ካለ። አንብቦ የሚወስንበት ሰው ከሌለ ግን ሦስቱ ሰዓትም ባከነ። መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሕግ የማያስገድደውን ሪፖርት ለአንድ ወር አትላኩት፤ የመጀመሪያው የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደሚፈልገው ጠይቁት። ማንም ካልጠየቀ ደግሞ በሚቀጥለው ወርም አትላኩት።